አዲስ ገንዘብና አዲስ ተጠቃሚ፤ ከሐረር መሐለቅ እስከ ቴሌብር

በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው ጥያቄ፣ ሰው ለማያውቀው ገንዘብ በመጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው በምን ምክንያት ነው የሚል ነው። ዛሬ ለእጅ ስልክ የገንዘብ መተግበሪያ የሚያዘጋጁ ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃሉ። የሐረር ታሪክ ግን ከመልሱ ከፊሉን አስቀድሞ ይሰጠናል።

የሐረር አሚሮች መሐለቅ የሚባል ትንሽ ገንዘብ ያስመቱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከተማዪቱ በዐፄ ምኒልክ እጅ ገባች፤ በ1885 ዓ.ም. በዚያው በሐረር የተመታው የምኒልክ ገንዘብም መሐለቅ ተባለ። ገዢው ቢለወጥም ገበያተኛው አዲስ ስም መማር አላስፈለገውም።

በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብር ግን እንዲህ አልቀናውም። ሚዛኑ ከማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ጋር የተስተካከለ ሆኖ ሳለ፣ ባላገሩ አሮጌውን መረጠ። ይህን ድንቁርና ማለት ስሕተት ነው። ባላገሩ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እየቈጠረ እውነተኛውን ብር ከሐሰተኛው ይለይ ነበር፤ በአዲሱ ብር ላይ ግን ይህ ዕውቀቱ አልጠቀመውም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1915 የመጀመሪያው የአቢሲኒያ ባንክ ያወጣው የወረቀት ገንዘብም ከከተማና ከነጋዴ እጅ ብዙ አልራቀም፤ ወረቀቱን በብር የሚመነዝር ደጃፍ ለባላገሩ ሩቅ ነበርና።

ከዚህ ሦስት ነገር እንረዳለን፤ እነርሱም የታወቀ ስም፣ ተጠቃሚው ራሱ የሚመረምርበት ምልክትና ወደ አሮጌው ገንዘብ የሚመለስበት ቅርብ በር ናቸው።

ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሲጀምር «ብር» የሚለውን የታወቀ ቃል በስሙ ውስጥ አኖረ፤ ኢንተርኔት በሌለው ስልክም በ127 አጭር ቍጥር እንዲሠራ አደረገ። ጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ስልክ የሚያስገባና መልሶ የሚከፍል ወኪልም አቆመ፤ ቅርብ በር ያልነው ይህ ነው። ከእያንዳንዱ ክፍያ በኋላ የሚደርሰው አጭር መልእክት ደግሞ እንደ ንግሥቲቱ ጌጥ የሚመረመር ምልክት ነው።

እንግዲህ በጀጎል ውስጥ ቅመም የምትሸጥ እናት መተግበሪያውን በመጀመሪያ ስትከፍት ዐሥር ገጽ ማብራሪያ ሊቀርብላት አይገባም። ጥቂት ብር አስገብታ፣ መልእክቱን በምታነበው ቋንቋ አይታ፣ ያንኑ ብር ከወኪሉ እጅ መልሳ ትቀበል። ሂሳብ መክፈልና ገንዘብ መላክ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ጥርጣሬዋ ገንዘቧን የምትጠብቅበት ዕውቀት ስለ ሆነ፣ አዘጋጁ ሊያከብረው እንጂ ሊያስጥላት አይገባውም።