ተተኪ ያጣ ጫካ፦ የመተማ ቆላ ሥነ ምኅዳር በታሪክ ዓይን



የታሪክ መምህር ስለ ሥነ ምኅዳር እንዲናገር መጋበዙ አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል፤ እኔንም አስገርሞኝ ነበር። ጥሪው ሲደርሰኝ ግን ወዲያው ወደ አእምሮዬ የመጣው አንድ ስፍራ ነው፤ መተማ። የመተማ ስም ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁበትን የጦር ሜዳ ነው። በሜዳው ዙሪያ የበቀለውን ዛፍ፣ በበጋ የሚሰነጠቀውን ጥቁር አፈር፣ ወደ ሱዳን የሚወርደውን ወንዝ ግን ነገሩ የተፈጸመበት ቦታ ብለን እናልፈዋለን። ዛሬ ለማሳየት የምሞክረው ምድሩም የራሱ ታሪክ እንዳለው፣ ያም ታሪክ ከነገሥታቱና ከሕዝቡ ታሪክ ጋር የተጠላለፈ መሆኑን ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «ሥርዓተ ምኅዳር» የምንለውን ጽንሰ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1935 በስም የሰየመው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ አርተር ታንስሊ ነው። ሐሳቡ በአጭሩ፣ ዛፉን ከአፈሩ፣ እንስሳውን ከሣሩ፣ ሁሉንም ከአየሩና ከዝናቡ ነጥሎ መረዳት አይቻልም፤ ሕይወት ያለውና የሌለው ተያይዞ አንድ ሥርዓት ይሆናል የሚል ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ኃይል ከፀሐይ ይገባል፤ ከቅጠል ወደ ሣር በል፣ ከሣር በል ወደ ሥጋ በል ሲሻገር በየእርከኑ አብዛኛው በሙቀት መልክ ይባክናል፤ የባከነውም አይመለስም። ንጥረ ነገር ግን ይዞራል፤ የረገፈው ቅጠል በምስጥና በዓይን በማይታዩ ሕዋሳት ተፈጭቶ ወደ ሥሩ ይመለሳል። እኔ የታሪክ ሰው ነኝና ሦስተኛ ነገር እጨምራለሁ፤ እርሱም ጊዜ ነው። ሥርዓቱ ጸንቶ የሚኖረው አንዱ ትውልድ ሌላውን ሲተካ ነው። ስለ መተማ ስናገር የሚያሳስበኝም ይኸው መተካካት ነው።

ምዕራብ ጎንደር ከደጋው ተዳፋት ወደ ሱዳን ሜዳ የሚዘረጋ ቆላ ነው። ጓንግ ድንበሩን ሲሻገር አትባራ ይባላል፤ ሽንፋ ራሃድ፣ አይማ ደግሞ ዲንደር ይሆናሉ። ሜዳው ክረምት ሲሆን የሚያብጥ፣ በጋ ሲሆን እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ነው፤ ግራርና ላሎ ይበቅሉበታል። አቀበቱና ድንጋያማው መሬት ደግሞ የዕጣን ዛፍ አገር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ሰናር ሲወርድ ለሳምንታት የቆየበት የዚህ ቆላ ግዛት ራስ አል ፊል ይባል ነበር፤ በዓረብኛ «የዝሆን ራስ» ማለት ነው። ስሙ ብቻውን የሥነ ምኅዳር መረጃ ነው። በ1854 ዓ.ም. ሳሙኤል ቤከር ሲመጣ ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር መጥተው የሰፈሩ ተክሩሮች መሬቱን ሲያርሱና ጥጥ ሲያበቅሉ፣ ከደጋ የወረዱ ነጋዴዎችም በገበያው ሲገበያዩ አይቷል። እንግዲህ ይህ ቆላ የሰው እጅ ያልነካው ዱር ሆኖ አያውቅም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን ወጉ፤ በተከታዩ ዓመት የአቡ አንጃ ጦር በዚሁ በር ገብቶ ጎንደርን አቃጠለ፤ በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ወደቁ። በእነዚሁ ዓመታት የከብት እልቂትና «ክፉ ቀን» የተባለው ታላቅ ረኀብ አገሩን መታው። ከተሞች ፈረሱ፣ ገበያ ቆመ፣ መንጋ አለቀ። የጦርነት ታሪካችን እዚህ ላይ ሲደርስ ስለ ሰው ያለቅሳል፤ ማልቀሱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከብት ያልረገጠው፣ ገበሬ ያልመነጠረው መሬት በእነዚያ ዐሥርት ዓመታት ምን አበቀለ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ጥያቄውን የማነሣው በምክንያት ነው። የዕጣን ዛፍ ሲያድግ በግንዱ ውስጥ የዕድገት ቀለበት ይተዋል። በመተማ ዛፎች ቀለበት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ያሳየው ነገር አስደንጋጭ ነው፤ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ወደ ጎልማሳነት የደረሰ ተተኪ ዛፍ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛሬ ቆመው የምናያቸው ዛፎች የበቀሉት ከዚያ በፊት ነው። የእኔ ግምት፣ ግምት መሆኑንም አሰምሬ እናገራለሁ፣ ይህ ጫካ ቢያንስ በከፊል ጦርነቱና የከብቱ እልቂት ባዶ ያደረጉት ቆላ ልጅ ነው የሚል ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጽና ላይ የሚጤሰው፣ ቡና ሲፈላ ከሰል ላይ የሚጣለው ዕጣን በአያቶቻችን የመከራ ዘመን ማግሥት ከበቀለ ዛፍ ይፈስስ ይሆናል።

አሁን ወደ ዛፉ ሕይወት እንግባ፤ የሥነ ምኅዳርን መሠረታዊ ሐሳብ ከዚህ የበለጠ የሚገልጥ ምሳሌ አላውቅምና። የዕጣን ዛፍ ቅጠል የሚያወጣው በዝናቡ ጥቂት ወራት ብቻ ነው። በእነዚያ ወራት የሠራውን ምግብ አከማችቶ ረጅሙን በጋ ራቁቱን ይሻገራል። አበባና ፍሬ የሚያወጣው ከዚያው ጎተራ ነው፤ ሲቆስል የሚያፈስሰውን ሙጫ የሚሠራውም ከዚያው ነው። ዕጣን ለቃሚው በበጋ ቅርፊቱን በትንሽ ስለታም መሣሪያ ይልጣል፤ ሙጫው ሲደርቅ ይለቅማል፤ ቁስሉን ያድሳል፤ ይህንኑ በአንድ ወቅት ደጋግሞ ያደርጋል። በኤርትራ የተሠራ ጥናት ብዙ ጊዜ የቆሰለ ዛፍ ዘሩ ጥቂት፣ የመብቀል ኃይሉም ካልቆሰለው እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ለእኛ ዕጣን ሆኖ የወጣው፣ ለዛፉ ዘር ሊሆን ይችል የነበረ ምግብ ነው።

ታዲያ ዛፉን ብናሳርፈው ይበቃል? ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ እኔም አስብ ነበር። በዚሁ በመተማ ዛፎችን ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ግን የቆሰለውም ያልቆሰለውም ጫካ እያሽቆለቆለ መሆኑን አገኘ። በስሌቱ መሠረት ሁኔታው ካልተለወጠ በ15 ዓመት ውስጥ የዕጣኑ ምርት በግማሽ ይቀንሳል፤ በ50 ዓመት ውስጥ ከዛፎቹ 90 በመቶው ይጠፋሉ። ምክንያቱ ሁለት ጫፍ አለው። በአንድ በኩል ጎልማሶቹ ዛፎች በብዛት ይሞታሉ፤ ከገዳዮቻቸው መካከል ግንድ የሚቦረቡር ጥንዚዛ አለ። በሌላ በኩል ችግኞች ይበቅላሉ፣ ግን አያድጉም። ችግኙ በክረምት ቅጠል ያወጣል፤ በጋ ሲገባ ግንዱ ይደርቃል፤ ሥሩ ከመሬት በታች ተደብቆ ይቆያል፤ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ይሞክራል። ለዓመታት እንዲህ ይኖራል። ሥሩ በቂ ስንቅ ይዞ ግንዱን ከእሳትና ከከብት አፍ በላይ ማውጣት የሚችልበት ዓመት ግን አይመጣም።

ለምን አይመጣም? ክረምት ሲሆን ከደንቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከአለፋ ከብት ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ደጋው በእህል ሲሸፈን ግጦሹ የሚገኘው ቆላ ነውና። ችግኙ ለምለም የሚሆነው በእነዚሁ ወራት ነው። በጋ ሲሆን ደግሞ የደረቀው ረጅም ሣር ይቃጠላል። የደጋው ገበሬ ጥፋተኛ ነው እያልኩ አይደለም፤ የእርሱ ማሳና የቆላው ችግኝ በአንድ መንጋ የተሳሰሩ መሆናቸውን ነው የምናገረው። በዚህ ላይ በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. የተካሄደው ሠፈራና የሰሊጥ እርሻው መስፋፋት ተጨመሩ። ሰሊጥ ለአገራችን የውጭ ምንዛሪ አምጥቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ሜዳውን አንድ ዓይነት አዝመራ ብቻ ሲሸፍነው፣ ምርቱም ተጭኖ ወደ ወደብ ሲሄድ፣ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የንጥረ ነገር ዙረት ይቆረጣል።

ስለ ካላዛር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጥቁሩ አፈር ስንጥቅ፣ በግራርና በላሎ ዛፎች ሥር ትኖራለች። በየዓመቱ ለሰሊጡ ሥራ ከደጋ የሚወርደው ወጣት ደግሞ ማደሪያ ስለሌለው በዚያው ጥላ ሥር ይተኛል። ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረርሽኙ ሲታይ፣ በሽታው ከሑመራና ከመተማ በሚመለሱ ሠራተኞች ሳይገባ አልቀረም ተባለ። በካርታ ላይ ቆላና ደጋን የለየነው እኛ ነን፤ ጥገኛው ሕዋስ ግን በሠራተኛው ደም ውስጥ ሆኖ አቀበቱን ወጥቷል።

ስለ አላጥሽ በአጭሩ ልናገር። ሱዳን ዲንደርን ብሔራዊ ፓርክ ያደረገችው ታንስሊ ቃሉን በሰየመበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1935 ነው፤ አጎራባቹ አላጥሽ ግን በእኛ በኩል ፓርክ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በአላጥሽ አንበሶች መኖራቸውን በካሜራ አረጋገጡ፤ በሁለቱ ፓርኮች በድምሩ ከ100 እስከ 200 ሊደርሱ እንደሚችሉም ገመቱ። ዜናው ዓለምን ዞረ። አንበሳ በሚገኝበት ቦታ ከሥሩ ያለው እርከን፣ ሣሩና ሣር በሉ፣ ገና አልጠፋም ማለት ነውና ደስታው ተገቢ ነበር። ስለ ዕጣን ችግኝ ግን እንዲህ ያለ ዜና ሰምቼ አላውቅም፤ አንበሳ ፎቶግራፍ ያምርበታል፣ ችግኝ አያምርበትም።

ተማሪዎቼ «መፍትሔው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። አጥር ብቻ አይበቃም፤ ተከልሎ በተጠበቀ ቦታም ችግኙ ቶሎ አያድግም። የሚያስፈልገው ለተከታታይ ብዙ ዓመታት እሳትም መንጋም ያልደረሰበት ሰፊ መሬት ነው። እንዲህ ያለ ዕረፍት ያ ቆላ፣ እኔ እስከማውቀው፣ በጦርነትና በረኀብ ምክንያት እንጂ በሰው ፈቃድ አግኝቶ አያውቅም። በስምምነት እንዲያገኝ ከተፈለገ ውይይቱ መተማ ላይ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ከብቱ ከሚወርድባቸው የደጋ ቀበሌዎች ጋርም መነጋገር ያስፈልጋል። ስለ ዘሩ አበቃቀል ዝርዝር ጥያቄ ያላችሁ ከፊት ወንበር የተቀመጡትን የደን ሳይንስ ባልደረቦቼን ጠይቁ፤ ስለ ጦርነቱ የሚጠይቀኝ ካለ እኔ እዚሁ ነኝ።