የእግር ውኃ በላሊበላ ገና

ስለ ላሊበላ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ድንጋይ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አብያተ ክርስቲያናቱን ተመልክቶ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ሲተርክ፣ የሚያምነኝ ሰው አይኖርም ከሚል ሥጋት የተነሣ ተጨማሪ መጻፍ እንደታከተው ተናግሯል። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ቁመትና ስፋት ለኩ፣ መስኮት ቆጠሩ፣ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በማን ዘመን እንደተፈለፈሉ ተከራከሩ። ክርክሩ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ድንጋዩ ዓመቱን ሙሉ እዚያው አለ፤ በገና ሰሞን ብቻ የሚታየው ግን ሌላ ነገር ነው። ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን በእግሩ ተጉዞ የመጣውን ተሳላሚ የሚቀበል፣ እግሩን የሚያጥብ፣ አብልቶ የሚያሳድር ሕዝብ አለ። የላሊበላ ገና ታሪክ ከዚህ በኩል ቢጻፍ የበለጠ እውነት ይሆናል ባይ ነኝ። የላሊበላ አገር ላስታ የልደቱን ወንጌል የተረጎመው በሕንፃ ብቻ ሳይሆን በእንግዳ አቀባበልም ነው፤ ይህ ሁለተኛው ትርጓሜ ደግሞ ሊቅ የማይጠይቅ፣ ማንም ባለጎጆ ሊፈጽመው የሚችል ነው።

ልማዱ እንዲጸና ያደረገው በመጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን ወደ 28 ይመለሳል። በዚያው ዕለት የንጉሥ ላሊበላም ልደት ስለሚታሰብ ለከተማዋ በዓሉ ድርብ ነው። ወቅቱ ተከዜና ገባሮቹ የጎደሉበት፣ ጭቃው የደረቀበት፣ አዝመራ የሚሰበሰብበት ነው። መንገደኛው መምጣት ይችላል፤ ባለቤቱም በጎተራው የሚያካፍለው አያጣም። ስለ ጎተራው ግን ብዙ ማጋነን አይገባም። የላስታ መሬት ስስ ነው፤ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረኃብ ይህን አካባቢም አልማረም። ስለዚህ ከአዝመራው ይልቅ ጾሙ የበለጠ የረዳ ይመስለኛል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። እንግዳው እስከ በዓሉ ድረስ ሥጋና ቅቤ አይቀምስም፤ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ሽሮ ይበቃዋል። በፍስክ ቢሆን ድሃዋ እናት በሀብታሙ ፊት ታፍር ነበር፤ በጾም ግን የሁለቱም ማዕድ ይቀራረባል፣ እርሷም እንግዳ ለመጥራት አትሸማቀቅም።

ሁለተኛው መሠረት መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሉቃስ በምዕራፍ 2 ማርያም ልጇን በግርግም ያስተኛችው በእንግዳ ማረፊያው ቦታ ስላልነበረ መሆኑን ይነግረናል። ይህን የሰማ አገር በበዓሉ ቀን ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፤ በቤተ ልሔም ሰዎች መፍረድ፣ ወይም በእነርሱ ቦታ ራሱን ማቆም። ላሊበላ በስም ኢየሩሳሌምን ወርሳለች። ዮርዳኖስ አላት፣ ጎልጎታ አላት፣ ደብረ ዘይትም አላት። ሳላሕ አድ-ዲን በ1187 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌምን ስለያዘ ንጉሡ ምትኳን ሠራ የሚለውን ማብራሪያ ብዙ የታሪክ ምሁራን አይቀበሉትም፤ እኔም ላጸናው አልሻም። ስሞቹ በየትኛውም ምክንያት ይሰጡ፣ የቅድስት አገርን ስም የወሰደ ከተማ የተሳላሚዎቿንም ሸክም አብሮ ወስዷል። በሩ ላይ ቆሞ የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ የሚልን ሰው፣ ያውም በልደት ዋዜማ፣ ቦታ የለም ብሎ መመለስ ወንጌሉን አንብቦ ዋናውን መዝለል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሥርዓት ዐዋቂ ሊቃወመኝ ይችላል። እግር ማጠብ የጸሎተ ሐሙስ ሥርዓት ነው፤ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው በሕማሙ ዋዜማ እንጂ በልደቱ አይደለም፤ ስለዚህ የገናው አጠባ ቦታውን የሳተ ልማድ ነው ይል ይሆናል። ተቃውሞው ጥሩ ነው፤ ልዩነቱን በግልጽ እንድናይ ያስገድደናል። በጸሎተ ሐሙስ ውኃው ይባረካል፣ የሚያጥቡትም ካህናት ናቸው። የገናው ውኃ ግን ሥርዓተ ቅዳሴ የለውም። ምንጩ ከዮሐንስ 13 በፊት ወደ ዘፍጥረት 18 ይወርዳል፤ አብርሃም ከድንኳኑ ሮጦ ወጥቶ ለሦስቱ መንገደኞች ከሁሉ አስቀድሞ ያቀረበው የእግር ውኃ ነበር። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በመበለቶች መዝገብ የምትገባውን ሴት ከሚመዝንባቸው ሥራዎች አንዱ የቅዱሳንን እግር ማጠብ ነው፤ ይህም ከእንግዳ መቀበል ጋር ተያይዞ የተጠቀሰ የቤት ሥራ ነው። በአገራችን ደግሞ የሥራው ደረጃ ይታወቃል። የጌታውንም የእንግዳውንም እግር በገበቴ የሚያጥቡት ሚስት፣ ልጅ ወይም አሽከር ነበሩ። የተከበረ አባወራ ጎንበስ ብሎ የማያውቀውን ገበሬ እግር ሲያጥብ ግን የቤቱ ደረጃ ለአንድ ምሽት ይገለበጣል። ዮሐንስ 13 የሚገባውም እዚህ ላይ ነው፤ አብርሃም ውኃ አቀረበ፣ ክርስቶስ ደግሞ ማበሻ ጨርቁን ራሱ ታጠቀ።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ወጪውን ማን ከፈለ የሚለው ነው። ቤተ ክርስቲያን ባለ ርስትና ባለ ጉልት ነበረች፤ ካህኑ ለእንግዳ የሚያቀርበው እንጀራ ከገባሩ ማሳ የመጣ ሊሆን ይችላል። በሌላው ላብ የሚደረግ ትሕትና ትሕትና ነውን? ይህ ጥያቄ ዛሬ የፈጠርነው አይደለም፤ የላስታ ትውፊት ራሱ ያውቀዋል። ንጉሥ ላሊበላ በሚስቱ በመስቀል ክብራ ምክር ዙፋኑን ለነአኩቶ ለአብ ለቀቀ ይባላል። ከ18 ወራት በኋላ ወታደሮች ለአዲሱ ንጉሥ ማዕድ ብለው የአንድ ድሃ ገበሬን ብቸኛ ላም ወሰዱ፤ ያን ጊዜ ያችው ንግሥት ባሏን ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ አሳመነችው። ታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራት ትረካው አጭር የሥልጣን ንጥቂያን የሚሸፍን ሳይሆን እንዳልቀረ ጠርጥረዋል፤ ጥርጣሬያቸው ሚዛን ይደፋል። ነገር ግን ሽፋን የሚሆን ታሪክ ሰሚ የሚቀበለው መሆን አለበት። ለዚህ አገር ሰሚ፣ ከድሃ በተቀማ ላም የተሞላ ማዕድ ንጉሥን ከዙፋን ለማውረድ በቂ ምክንያት ነበር። ተጨማሪ ማስረጃ ደግሞ ከቅርቡ ዘመን አለ። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ የቤተ ክርስቲያን ጉልትና ርስት አከተመ። አቀባበሉ በጉልት ላይ ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ አብሮ በወደቀ ነበር፤ አልወደቀም። ይህ የጥንቱን ገባር ሸክም አያስተሰርይም፤ ግን የልማዱ ምሰሶ ካህኑ ከሚሰበስበው ግብር ይልቅ የየቤቱ ጎተራ እንደነበር ያሳያል።

ሰነድ የለህም የሚለኝም አይጠፋም። ልክ ነው፤ ነገሥታት የመሬት ስጦታን በወንጌል ኅዳግ ሲያስጽፉ፣ ቆሎ ያካፈለችውን ሴት የመዘገበ የለም። ስለዚህ ልማዱ ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሳይቋረጥ ዘልቋል ብዬ አልምልም። የምለው፣ ማረፊያ ቤት ባልነበረበት ተራራ እንዲያ ያለ በዓል ያለ ባለአገሩ በር ሊኖር እንደማይችል ነው። በገና ጠዋት በቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኵሉ ሲዘመር ከገደሉ አፋፍ ያሉት በመላእክት፣ ከታች ያሉት በእረኞች ይመሰላሉ። በዚያ ግቢ እስከ ጫፍ የሚሞላው ሕዝብ ሌሊቱን የሆነ ቦታ አድሯል፣ የሆነ ሰው አብልቶታል።

ዛሬ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በመንገድ ዳር እግር ሲያጥቡ ካሜራ ይከባቸዋል፤ ለታይታ ነው የሚሉ አሉ። በስውር መስጠትን የሚያዝዘውን ማቴዎስ 6ን ለሚያውቅ ሰው ሥጋቱ ቀላል አይደለም። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. ገና የሰሜኑ ጦርነት ከከተማዋ ከወጣ ሳምንታት ብቻ ነበሩ፤ ጎብኚ ጠፍቶ፣ ነዋሪው ራሱ በችግር ላይ ሳለ፣ በዓሉ ተከበረ፣ ተሳላሚም መጣ። ካሜራው ልማዱን አልፈጠረውም፣ የሚገድለውም እርሱ አይመስለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ የአልጋ ተመን ነው። በገና ሰሞን የሆቴል ዋጋ ከወትሮው እጥፍ ድርብ ይሆናል፤ በዚያው ሳምንት በዚያው ከተማ አንዱ ጎረቤት መደቡን ለማያውቀው ሰው በነጻ ይለቃል። ባለ ሆቴሉን መውቀስ አይቻልም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው በዚያ ሳምንት ከሚያገኘው ነው። ግን የመደቡ ባለቤትም ልጅ ያሳድጋል፣ ልጁም ዋጋውን ይሰማል።