ንስሐ በጎንደር

ንስሐ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ ነው። ቃሉ ግእዝ ሲሆን ትርጉሙ ስለ ሠሩት ኃጢአት መጸጸት፣ ማዘንና መመለስ ማለት ነው። በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ አገሮች ንስሐ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓትነቱ ባሻገር ከቤተሰብ ኑሮ፣ ከጋብቻ፣ ከውርስና ከደም እርቅ ጋር የተሳሰረ ነው። ጎንደር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማዕከል ስለነበረች፣ ስለ ንስሐ የተጻፉ መጻሕፍትና ስለ ድኅነት የተደረጉ ክርክሮች ከከተማዋ ታሪክ ጋር የጠበቀ ግንኙነት አላቸው።

ትርጉምና መሠረት

የንስሐ ትምህርት መነሻው ወንጌል ነው። መጥምቁ ዮሐንስ በዮርዳኖስ ምድረ በዳ፣ ኢየሱስ ክርስቶስም በገሊላ ስብከታቸውን የጀመሩት ሕዝቡን ወደ ንስሐ በመጥራት እንደሆነ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3 እና 4 ተጽፏል። ካህን ኃጢአትን የማሰርና የመፍታት ሥልጣን እንዳለው የሚያስረዱት መምህራን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 እና 18ን፣ እንዲሁም የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20ን ይጠቅሳሉ። በስብከት ላይ በብዛት የሚነሱት ምሳሌዎች የጠፋው ልጅ፣ ቀራጩ ዘኬዎስ፣ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴና የነነዌ ሰዎች ናቸው። የንጉሡ የዳዊት ንስሐም በመዝሙር 50 ምክንያት ዘወትር ይታወሳል፤ ይህ መዝሙር በዕብራይስጡ አቆጣጠር 51ኛው ነው።

በቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት መሠረት ድኅነት ከእግዚአብሔር ቸርነት የሚገኝ ሲሆን፣ ሰው በእምነት፣ በምስጢራትና በመልካም ሥራ ይሳተፈዋል። ጥምቀት አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸም ስለሆነ፣ ከጥምቀት በኋላ ለወደቀ ሰው መመለሻው መንገድ ንስሐ ነው። በዚህም ምክንያት አንዳንድ መምህራን ንስሐን ሁለተኛ ጥምቀት ይሉታል።

ሥርዓቱ

ንስሐ በተለምዶ አራት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ጸጸት ነው፤ ሰውየው በደሉን አውቆ ያዝናል፣ ላለመድገምም ይወስናል። ሁለተኛው ኑዛዜ ሲሆን ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ይናገራል። ሦስተኛው ቀኖና ነው፤ ካህኑ እንደ ኃጢአቱ ክብደትና እንደ ሰውየው አቅም ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎትና ምጽዋት ያዛሉ። አራተኛው ፍትሐት ነው፤ ቀኖናው ሲፈጸም ካህኑ የኃጢአት ማሰሪያ እንዲፈታ ጸልየው በመስቀላቸው ይባርካሉ። ተነሳሒው «ይፍቱኝ» ሲል ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታ» ብለው ይመልሳሉ።

ካህኑ የሰሙትን ምስጢር ለማንም እንዳይገልጹ ግዴታ አለባቸው። ደግሞም የሰው ገንዘብ የወሰደ እንዲመልስ፣ የሰው ስም ያጠፋ እንዲያስተካክል፣ የተጣላም እንዲታረቅ አስቀድመው ያዛሉ። የበደለውን ሰው ሳይክስ ለእግዚአብሔር ብቻ የተናዘዘ ሰው ንስሐው እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። በዚህ ነጥብ ላይ መምህራን የዘኬዎስን ታሪክ ያነሣሉ፤ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገብቷልና።

የንስሐ አባት

እያንዳንዱ ክርስቲያን ቤተሰብ የንስሐ አባት ወይም የነፍስ አባት የሚባል ካህን ይኖረዋል። የንስሐ አባት ቤቱን ጸበል ይረጫሉ፣ ጾምና በዓል ያስታውሳሉ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ያስታርቃሉ፣ የታመመን ይጠይቃሉ፣ በሞት ጊዜም አይለዩም። ሰው ሲሞት በጸሎተ ፍትሐቱ ይገኛሉ፤ የአርባ ቀን ተዝካሩንም የሚመሩት እርሳቸው ናቸው። ቤተሰቡ በበኩሉ በበዓል ቀን ይጋብዛቸዋል፤ ገበሬ ከሆነም ከምርቱ ያካፍላቸዋል።

ኑዛዜ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው፤ አንደኛው ኃጢአትን መናገር፣ ሁለተኛው ስለ ንብረት የሚሰጥ የመጨረሻ ቃል ነው። ሁለቱም በአንድ የሞት አልጋ አጠገብ፣ በአንድ ካህን ፊት ይፈጸሙ ነበር። ስለዚህ በባህላዊው ሕግ የሟች ቃል ሲያከራክር የነፍስ አባት ምስክርነት ከፍ ያለ ዋጋ ነበረው። በቤተ መንግሥትም ቄስ ሐፄ የሚባሉ የንጉሡ የቅርብ ካህን ነበሩ።

በጎንደር ዘመን

ጎንደር የተመሠረተችው ከታላቅ የሃይማኖት ግጭት ማግሥት ነው። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ኋላ የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና እንዲካኑ በማዘዛቸው አመፅ ተነሣ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞው እምነት እንዲመለስ አውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ጎንደርን መቀመጫቸው አደረጉ። እምነቱን ለውጦ የተመለሰ ሰው በምን ሥርዓት ይቀበሉታል የሚለው ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያኒቱ አዲስ አልነበረም። ለእንዲህ ያለው ሰው መጽሐፈ ቄደር የተባለ የተለየ የንስሐ መጽሐፍ አለ፤ በውኃ ላይ ተጸልዮ ተመላሹ ይረጭበታል ወይም ይታጠብበታል። ጥምቀት ስለማይደገም ይህ ሥርዓት እንደ ዳግም ጥምቀት አይቆጠርም።

የፋሲለደስ ልጅ «ጻድቁ ዮሐንስ» የሚባሉት ዐፄ ዮሐንስ 1ኛ (እ.ኤ.አ. 1667–1682) በነገሡበት ዘመን ፈውስ መንፈሳዊ የተባለው የንስሐ ቀኖና መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተተረጎመ። መጽሐፉን የደረሱት የአትሪብና የመሊጅ ጳጳስ የነበሩት ግብፃዊው ሚካኤል ሲሆኑ፣ እንዲተረጎም ያዘዙት የዮሐንስ ባለቤት ንግሥት ሰብለ ወንጌል ናቸው። ስሙ እንደሚያመለክተው መጽሐፉ ኃጢአትን እንደ ደዌ፣ ካህንን እንደ ሐኪም፣ ቀኖናን እንደ መድኃኒት ያያል። ለየኃጢአቱ ዓይነት የሚገባውን ቀኖና በዝርዝር ያስቀምጣል። ከፍትሐ ነገሥት ጋር በመሆን በመጽሐፍ ቤት ለሚማሩ ካህናት መመሪያ ሆኖ ቆይቷል።

በጎንደር ዘመን የተነሡት የቅባት፣ የጸጋና የተዋሕዶ ክርክሮች መሠረታቸው የክርስቶስ አካልና መቀባት ነበር። ሆኖም ሰው እንዴት ይድናል የሚለውን ጥያቄ በቀጥታ ይነካሉ፤ ምክንያቱም የክርስቶስ ሰውነት እንዴት ከበረ የሚለው መልስ የሰው ልጅ እንዴት ይከብራል የሚለውን ይወስናል። ክርክሩ በከተማዋ ጉባኤያት ለብዙ ዘመን ከቀጠለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1878 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰብሳቢነት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ለተዋሕዶ ተፈረደ።

በከተማዋ ውስጥ የነበረው የእጨጌ ሰፈር መማጸኛ ነበር። የሚፈለግ ሰው ወደዚያ ከገባ በግድ አይወጣም ነበር፤ በጦርነት ጊዜም ነዋሪው ንብረቱን ይዞ ይሸሸግበት ነበር። በዚህ መልክ ምሕረት በስብከት ብቻ ሳይሆን በቦታም የሚታወቅ ነገር ሆኖ ነበር።

ስብከትና ሥዕል

ጎንደር የአቋቋምና የትርጓሜ መጻሕፍት ትምህርት የበለጸገባት ከተማ ናት። የታች ቤት የሚባለውን የትርጓሜ ስልት የመሠረቱት መምህር ኤስድሮስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎንደር ሊቅ ነበሩ። በአንድምታ ትርጓሜ የግእዙ ንባብ በአማርኛ ስለሚብራራ፣ ግእዝ የማያውቀው ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ ለሚቀርበው ስብከት መሠረት ሆኗል።

ማንበብ ለማይችለው ምእመን ሥዕል ሌላው ስብከት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች ላይ በብዛት ከሚሣሉት ታሪኮች አንዱ በተአምረ ማርያም የሚገኘው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ይህ ሰው ሰባ ስምንት ሰዎችን የበላ ሲሆን፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ በኪዳነ ምሕረት ቃል ኪዳን ምሕረት እንዳገኘ ይተረካል። ሥዕሉ የተገደሉትን በሚዛኑ በአንድ ወገን፣ ጥርኙን ውኃ በሌላው ወገን ያሳያል። መምህራን ታሪኩን ሲያብራሩ ማንም ኃጢአተኛ ተስፋ እንዳይቆርጥ የተነገረ መሆኑን ያስረዳሉ፤ ይህን ተስፋ ይዞ በኃጢአት መቀጠል ግን ድፍረት ነው ይላሉ። የኪዳነ ምሕረት በዓል የካቲት 16 ቀን ይከበራል።

የንስሐ ወቅቶች

ስለ ንስሐ በብዛት የሚሰበከው በጾም ወቅት ነው። የሦስት ቀኑ ጾመ ነነዌ ከዐቢይ ጾም በፊት የሚውል ሲሆን፣ የነቢዩ ዮናስ ታሪክ የሚነገርበት ነው። 55 ቀን በሚጾመው ዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ደብረ ዘይት በሚባለው እሑድ፣ ስለ ዳግም ምጽአትና ስለ ፍርድ ይሰበካል።

በሰሙነ ሕማማት መስቀል መሳለምና ፍትሐት የለም። ስለዚህ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞቱ ሰዎች ጸሎተ ፍትሐት በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይደረጋል። በስቅለት ዕለት ምእመናን ሲሰግዱ ይውላሉ። ማምሻውን እያንዳንዱ በካህኑ ፊት ቀርቦ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ ይደረጋል፤ ይህ ጥብጠባ ይባላል። ካህኑም ተጨማሪ የስግደት ቁጥር ይነግሩታል።

ለረጅም ንስሐ ወደ ገዳም የሚሄዱም አሉ። ከሰሜን ተራሮች ወደ ምዕራብ ባለው ቆላ የሚገኘው የዋልድባ ገዳም በተለይ ይታወቃል፤ መነኮሳቱ እህል አይበሉም፣ ምግባቸውም ቋርፍ ይባላል።

ንስሐና ቁርባን

ንስሐ የሚጠናቀቀው በቅዱስ ቁርባን ነው። ይሁን እንጂ በገጠሩ ለብዙ ዘመን የሚቆርቡት በአብዛኛው ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። አብዛኛው ሰው የሚያገባው በቁርባን ሳይሆን በሰማንያ ስለሆነ፣ ጎልማሳው ከልጅነት እስከ እርጅና ከቁርባን ርቆ ይኖራል፤ ባልና ሚስት ካረጁ በኋላ ንስሐ ገብተው አብረው ይቆርባሉ። በቁርባን የተጋባ መፋታት ስለማይፈቀድለት፣ ብዙዎች ቃሉን ከማፍረስ መዘግየትን ይመርጡ ነበር። የዘመኑ ሰባክያን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቶችና በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን ወጣቶች ቀደም ብለው ንስሐ እንዲገቡና እንዲቆርቡ ያስተምራሉ። ሞት ሽማግሌን ብቻ ስለማይጠራ ንስሐን ለእርጅና ማቆየት አይገባም የሚለው የስብከታቸው ዋና ነጥብ ነው።

ደምና እርቅ

በሰሜን ጎንደር ደጋ የደም በቀል ከባድ ማኅበራዊ ችግር ሆኖ ቆይቷል። ሰው የገደለ ሰው ከሟች ወገን ሸሽቶ ይኖራል፤ ዘመዶቹም ደመኛ ስለሚሆኑ ከእርሻቸውና ከገበያቸው ሊቀሩ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው በሟች ወገን ደጅ ይቆማሉ፤ «ስለ እግዚአብሔር» እያሉ ይለምናሉ። የሟች ቤተሰብ ለምኖ እስኪሰለች ቢመልሳቸውም ተመልሰው ይመጣሉ። እሺ ሲባል ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ካሳ ይወሰናል፤ ሁለቱ ወገኖች ቂም እንዳይዙ ይማማላሉ። ካህናቱም እርቁን ያፈረሰ ላይ ግዝት ይጥላሉ።

እርቁና ንስሐው የተለያዩ ቢሆኑም አንዱ ያለ ሌላው አይሞላም። ገዳዩ ለንስሐ አባቱ ተናዝዞ ቀኖናውን ቢፈጽምም ከሟች ልጆች ጋር እስካልታረቀ ድረስ በሰላም መኖር አይችልም። በሌላ በኩል ይቅርታ ማድረግ ለሟች ቤተሰብም ከባድ የኅሊና ጥያቄ ነው፤ በቀልን የሚጠብቅ ዘመድና ይቅርታን የሚያዝ የንስሐ አባት በአንድ ቤት ይገናኛሉና። በመንግሥት ሕግ መሠረት ደግሞ እርቅ የግድያ ክስን አያስቀርም፤ ስለዚህ ገዳዩ ታርቆም ሊታሰር፣ እስራቱን ጨርሶም እርቅ ሊያስፈልገው ይችላል።

በሌሎች እምነቶች

በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል አስተሰርዮ የተባለ የራሳቸው የማስተስረያ ጾም አላቸው። የፕሮቴስታንት ሚስዮናዊው ሳሙኤል ጎባት እ.ኤ.አ. በ1830 ወደ ጎንደር መጥቶ ከካህናት ጋር ስለ ኑዛዜ፣ ስለ አማላጅነትና ስለ ድኅነት ተወያይቷል። ከ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮም ዮሐን ማርቲን ፍላድና ባልደረቦቹ በደንቢያ፣ በጀንዳ፣ ለቤተ እስራኤል ሰብከዋል። ዐፄ ቴዎድሮስና አቡነ ሰላማ ስብከቱን የፈቀዱት አማኞቹ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ በማሰብ ነበር። ዛሬ በከተማዋ ያሉ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ድኅነት በእምነት ብቻ እንደሚገኝና ኑዛዜ በቀጥታ ለእግዚአብሔር እንደሚቀርብ ያስተምራሉ። የኦርቶዶክስ መምህራን ግን የሚፈታው እግዚአብሔር መሆኑንና ካህኑ ሥልጣኑን ከእርሱ የተቀበለ አገልጋይ መሆኑን በመግለጽ ሥርዓቱን ያስረዳሉ።