ስስ አየርና የሰው ሰውነት፦ ከ«ዜኒት» ፊኛ እስከ ጄት አውሮፕላን



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፤ ወደ ሰማይ የወጣ ሰው ለምን ይታመማል? ጥያቄው የሐኪም ይምሰል እንጂ መልሱ የተገኘበት መንገድ የታሪክ ተማሪንም ይመለከታል ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1875 ጋስቶን ቲሳንዲየ፣ ዦዜፍ ክሮሴ-ስፒኔሊና ቴዎዶር ሲቬል የተባሉ ሦስት ፈረንሳውያን «ዜኒት» በተሰኘ ፊኛ ከፓሪስ ተነሡ። ኦክስጅን የያዙ ትናንሽ ከረጢቶችም ይዘው ነበር። መጠኑ እንደማይበቃ ያሰላው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ፖል ቤር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቢጽፍም፣ ደብዳቤው የደረሰው ዘግይቶ ነው። ወደ 7,500 ሜትር ሲቃረቡ ሲቬል ባልደረቦቹን አማክሮ የአሸዋ ከረጢቶቹን ገመድ ቈረጠ፤ ፊኛውም ሽቅብ ተፈተለከ። ቲሳንዲየ በኋላ እንደ ተረከው፣ በዚያች ሰዓት የተሰማው ሥቃይ ሳይሆን ደስታ ነበር። የኦክስጅኑን ቧንቧ ሊይዝ ቢፈልግ ክንዱ አልታዘዘው አለ፤ ሊናገር ቢሞክር ምላሱ ተሳሰረ፤ ከዚያም ራሱን ሳተ። ፊኛው እስከ 8,600 ሜትር ገደማ ወጥቶ ሲወርድ ሁለቱ ጓደኞቹ ሞተው ነበር። እርሱም ሕይወቱ ብትተርፍ የመስማት ችሎታውን አጣ።

በዚያን ዘመን የከፍታ ሕመም መንሥኤ ሊቃውንትን ያከራክር ነበር። ከፊሎቹ የግፊቱ መቀነስ እንደ ዋግምት ደምን ወደ ቆዳ እየሳበ ሰውነትን ይጎዳል ይሉ ነበር። ቤር ግን የአየሩ ግፊት በሚቀነስበት የብረት ክፍል ራሱ ገብቶ፣ ኦክስጅን ሲስብ ግፊቱ ባይመለስም ሕመሙ እንደሚለቅ አሳየ። በ1878 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ይህንኑ አጸና፦ በከፍታም ቢሆን ኦክስጅን የአየሩ 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚቀንሰው ኦክስጅኑን ወደ ደም የሚገፋው ግፊት ነው። በ8,600 ሜትር ላይ ይህ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ይሆናል።

እኔ አጥብቄ ላሳስብ የምሻው ግን ሌላ ነጥብ ነው። ክሮሴ-ስፒኔሊና ሲቬል የቤርን ክፍል በ1874 ገብተው አይተውታል፤ የኦክስጅንን ጥቅም ያውቁ ነበር። ስለዚህ የገደላቸው አለማወቅ ብቻ አይደለም። አደጋውን ሊመዝን የሚገባው አንጎል ራሱ ቀድሞ ስለ ተጎዳ፣ እውቀታቸው በሚያስፈልግበት ሰዓት ከዳቸው። ዛሬ የበረራ አስተናጋጆች «ሌላውን ከመርዳትዎ በፊት የራስዎን ጭንብል ያጥልቁ» የሚሉት ስለዚህ ነው፤ ውሳኔው አእምሮ ሳይደክም አስቀድሞ መወሰን አለበት።

የአቪዬሽን ታሪክም መፍትሔውን ከተጓዡ ፈቃድ አውጥቶ ለማሽኑ ሰጠው። በ1940 አገልግሎት የጀመረው ቦይንግ 307 የውስጥ አየሩ ግፊት የሚጠበቅለት የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን ነበር። ዛሬ በካቢን ውስጥ ያለው አየር በተለመደው በረራ ከ2,400 ሜትር ከፍታ አየር በላይ እንዲሳሳ አይፈቀድም፤ በቦይንግ 787 ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ስለሚገኝ፣ ከአዲስ አበባ በ787 የሚነሣ መንገደኛ በሰማይ የሚተነፍሰው አየር በምድር ከተወው ይልቅ የወፈረ ነው።

«ከፍታ» የምንለው እንግዲህ ከማን ወለል ተነሥቶ የተለካ ነው? በ2002 የታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳይቷል። አንዱን ፊኛ ላይ የገደለው ስስ አየር፣ በመጠኑና በትውልዶች ርዝመት ለሌላው ቤት ሆኗል። የሰውነት ታሪክ ከሰፈሩበት ምድር ታሪክ ተነጥሎ ሊጻፍ እንደማይችል ይህ ይበቃናል።