ከጋፋት እስከ መቅደላ፦ የሥራ መሳካትና ደስታ

የአፄ ቴዎድሮስ ታሪክ በሥነ ጽሑፋችንና በመድረካችን ሲቀርብ ጎልቶ የሚታየው ኀዘኑ ነው። ብርሃኑ ዘሪሁንም መጽሐፉን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ብሎታል። ስለ ደስታቸው የተባለው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ «ያሰበው የተሳካለት ሰው ደስተኛ ነውን?» የሚለውን የቆየ ጥያቄ ለሚመረምር ሰው፣ ከደብረ ታቦርና ከጎረቤቷ ከጋፋት የበለጠ አስተማሪ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም።

በ1847 ዓ.ም. የነገሡት ቴዎድሮስ የጦር መሣሪያ በአገር ውስጥ መሠራት አለበት ብለው ቈርጠው ነበር። በጋፋት የሰፈሩት ዋልድማየርና ጓደኞቹ ወንጌል ለመስበክና በእጅ ሥራ ለማገልገል የመጡ ስለ ነበሩ፣ መድፍ መሥራት አናውቅም አሉ። ንጉሡ ግን ምክንያታቸውን አልተቀበሉም። ምድጃው ተሠርቶ፣ ነሐሱ ቀልጦ የመጀመሪያው መድፍ በተሳካ ጊዜ፣ በሐበሻ ምድር ማናቸውንም ነገር መሥራት እንደሚቻል አሁን ተረዳሁ በማለት ፈጣሪያቸውን እንዳመሰገኑ ተጽፏል። ይህ ደስታ መሣሪያ በማግኘት ብቻ የመጣ አልነበረም። የአገሬው ወጣቶች በጋፋት ሙያ ይቀስሙ ስለ ነበር፣ ደስታው የነገም ተስፋ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ መድፉ እያደገ ሲሄድ ግዛቱ እየጠበበ መጣ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች። ሠራዊቱን ይቀልብ የነበረው የበጌምድር ገበሬም ጎተራው ሲራቆትና ቤቱ ሲዘረፍ በንጉሡ ላይ ተነሣ። በዚህ ዘመን የተሠራውና በክራይሚያ ጦርነት በተከበበችው ከተማ ስም የተጠራው ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር።

ዛሬ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በገሳይ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ የሚጓዝ መንገደኛ፣ የጉናን አካባቢ ደጋ በመኪና በጥቂት ሰዓት ያልፈዋል። ቴዎድሮስ ግን በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ እስኪደርሱ ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሴባስቶፖልን በሠረገላ እየጎተቱ የጅጣን ገደል ወረዱ፣ የዋድላንና የደላንታን አምባ አቋረጡ፣ በሽሎን ተሻገሩ። መንገዱ በየዕለቱ ድንጋይ እየተፈነቀለ ይጠረግ ነበር፤ ንጉሡም ራሳቸው በእጃቸው ይሠሩ ነበር። በመጋቢት ወር መድፉ ከታሰበለት ስፍራ ደረሰ።

እንግዲህ በሥራ መመዘኛ ብቻ ከታየ፣ የታሰበው ሁሉ ተሳክቷል፤ መድፉ ተሠርቷል፣ መንገዱ ተጠርጓል፣ መቅደላም ተደርሷል። ሆኖም ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ መድፍ ድል አላስገኘም። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ይልቅ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ሴባስቶፖልን የጎተተው አንድ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ለብዙዎቹም ሸክም እንጂ ጌጥ አልሆነም። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ብዙ ሰው ስለ ተሸከመው ብቻ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ የያዘውን የራሴ ነው ሲል ነው። በጋፋት የታየው ደስታ ለብዙዎች ሊዳረስ የሚችል ነበር። የመቅደላው ክንውን ግን በአንድ ሰው ብርቱ ፈቃድ ላይ ብቻ የቆመ ስለ ነበር፣ ሲሳካም እንኳ ደስታን ሊወልድ አልቻለም።

ይህን ማለት የንጉሡን ዓላማ ማሳነስ አይደለም። አገር በራሷ እጅ ትሥራ የሚለው ሐሳባቸው ከእርሳቸው ሞት በኋላም ኖሯል። ነገር ግን ሥራ የሚመራም ሆነ ተማሪ የሚያስተምር፣ ሥዕል የሚሥልም ሆነ ተውኔት የሚያዘጋጅ ሁሉ፣ «ዕቅዱ ተፈጸመ ወይ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «የማን ደስታ ሆነ?» ብሎም ሊጨምር ይገባዋል። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የሚያየው ሰው የሠሪዎቹን ጥበብ ሲያደንቅ፣ የጎታቾቹንም ትከሻ ያስብ።