ዋናና የውኃ ሕክምና ለውሾች ጤና

መኪና የገጨው፣ ጅማቱ የተበጠሰበት ወይም በእርጅና ምክንያት የኋላ እግሮቹ የደከሙ ውሻ ብዙ ጊዜ ዕጣው ከደጅ መባረር ነው። ሆኖም ከእነዚህ ውሾች ብዙዎቹ በውኃ ውስጥ በሚደረግ እንቅስቃሴ ሊያገግሙ ይችላሉ።

የሚያነክስ ውሻ የታመመውን እግሩን ከመሬት አንሥቶ ይሄዳል። ያልሠራ ጡንቻ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ይሟሽሻል፤ ጡንቻው በሟሸሸ ቁጥር መገጣጠሚያው ደጋፊ ያጣል፤ ሕመሙም ይብሳል። ውኃ ይህን አዙሪት የሚሰብረው የገላን ክብደት በመሸከም ነው። በተደረገ ልኬት ውኃው ከኋላ እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ እግሮቹ 91 በመቶ ያህሉን ክብደት ይሸከማሉ፤ ጉልበት ላይ ሲደርስ 85 በመቶ፣ ዳሌ ላይ ሲደርስ ግን 38 በመቶ ብቻ ይሆናል። 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠባቂ ውሻ ዳሌው ድረስ ውኃ ውስጥ ሲቆም እግሮቹ የሚሸከሙት ከ11 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። በሌላ በኩል ውኃ ከአየር ይልቅ እንቅስቃሴን ስለሚገታ፣ አጭር እርምጃ እንኳ ጡንቻን በሚገባ ያሠራል። ለብ ያለ ከሆነም የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል።

በውጭ ሀገራት የሚገኙ የእንስሳት ማገገሚያ ማዕከላት ለዚህ ሥራ በውኃ በሚሞላ ሳጥን ውስጥ የተገጠመ የመራመጃ ማሽን ይጠቀማሉ። ከጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ እንዲሁም እንደ ጀርመን ሼፐርድ ባሉ ዝርያዎች ላይ ለሚበዛው የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይመረጣል። ለብዙ ታማሚዎች በውኃ ውስጥ መራመድ ከዋና ይሻላል፤ የሚዋኝ ውሻ የታመመውን እግር ሳያንቀሳቅስ በፊት እግሮቹ ብቻ ሊቀዝፍ ይችላልና።

ሁሉም ውሻ ዋናተኛ ነው የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። እንደ ቡልዶግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠና ጭንቅላታቸው የከበደ ውሾች በቀላሉ ይሰምጣሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የማነከሱ ምክንያት በእንስሳት ሐኪም መታወቅ አለበት። ድንገት የኋላ እግሩ የሰነፈ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መንጋጋው የወደቀ ወይም ጠባዩ የተለወጠ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ስለሚችል በእጅ ሊነካ አይገባም። “ያበደ ውሻ ውኃ ይፈራል” የሚለው እምነትም መለያ አይሆንም፤ የውኃ ፍርሃት በዋነኛነት በተያዙ ሰዎች ላይ የሚታይ ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። ያልደረቀ ቁስል ወይም ስፌት፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ የልብና የመተንፈስ ችግር ያለበትም ውሻ ውኃ ውስጥ አይገባም።

ማሽኑ በሌለበት፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ጥልቀት የሌለው ንጹሕና ዝግ ብሎ የሚፈስ ውኃ ይበቃል። የደጋ ወንዝ ጠዋት ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይ ካሞቀው በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ሙሉ ወንዝ ፈጽሞ አይሞከርም። ገመዱ በደረትና በትከሻ ዙሪያ እንጂ በአንገት ላይ አይታሰር። ውሻው ተወርውሮ ሳይሆን በራሱ እግር ቀስ ብሎ መግባት አለበት፤ ለመጀመሪያ ቀን ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በቂ ነው።

የረጋ ኩሬ ሌላ ጉዳይ ነው። አረንጓዴ ስልባቦት የሸፈነው ውኃ ውሻን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል የሚችል መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ አልቅትም በአፍና በአፍንጫ ገብቶ ደም ይመጣል። በጣና ዳርቻ ደግሞ ቢልሃርዝያ ስላለ ጉዳቱ ውሻውን ይዞ ለሚገባው ባለቤትም ይተርፋል። ጉማሬ ያለበትን ስፍራ ማስጠንቀቅ ለአካባቢው ነዋሪ አያስፈልግ ይሆናል።

ከውኃው ሲወጣ ገላው በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ፤ በተለይ ጆሮው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ እርጥብ ጆሮ ፈጥኖ ይመረቅዛልና። በማግስቱ ማነከሱ ከባሰበት ቀጣዩ ጊዜ በግማሽ ይቀነሳል፤ እግሩን ጨርሶ መርገጥ ካቃተው ግን ልምምዱ ቆሞ ሐኪሙ እንደገና ሊያየው ይገባል።