ከዘጌ ግድግዳ እስከ አባባ ተስፋዬ መስኮት

ከባሕር ዳር በጣና ላይ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ዘጌ ወረድን። በኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእ ተሥሏል። 78 ነፍስ የበላው ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው የተጠማ ድሃ ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ መዳኑን ካህኑ አጫወቱን። አብራን የነበረች ሕፃን ግን አልጠገበችም፤ ነጠላዬን ሳብ አድርጋ «ከዚያስ?» አለችኝ።

ይህን የልጅ ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲመልሱ የኖሩ አንድ ሰው ነበሩን፤ ተስፋዬ ሳህሉ፣ የሁላችን አባባ ተስፋዬ። በ1915 ዓ.ም. ባሌ ተወለዱ። አስቀድሞ የመድረክ ሰው ነበሩ። ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን ሴት ሆነው ተውነዋል፤ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በዘመተ ጊዜም ወታደሩን ሊያዝናኑ ባሕር ተሻግረዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆችን ጊዜ ያዙ፤ ከአርባ ዓመት በላይም ዘለቁበት።

ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ምንጣፍ ላይ ተደርድረን «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ሲሉን በአንድ ድምፅ እንመልስ ነበር፤ እንደሚሰሙን አንጠራጠርም። አያቶቻችን ምድጃ ዳር «ተረት ተረት» ብለው «የመሠረት» እስክንላቸው የሚጠብቁትን ወግ፣ አባባ ሳያጎድሉ ወደ ቴሌቪዥኑ መስኮት አሻገሩት። ተረታቸውን በመጽሐፍም አሳትመዋል።

ክሮኤሺያም እንዲህ ያለች እናት አላት። ኢቫና ብርሊች ማዡራኒች የጥንት ስላቮችን አፈ ታሪክ መነሻ አድርጋ የጻፈቻቸው የልጆች ተረቶች እ.ኤ.አ. በ1916 ታትመው ስሟን ከአገሯ ውጭ አስጠሩት። የትውልድ ከተማዋ ኦጉሊን ዛሬ በስሟ የተረት ቤት አላት፤ ልጆች ገብተው ይሰሙበታል፣ ያነቡበታል።

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አረፉ። ሐውልት ቢቆምላቸው ደግ ነው፤ እኔ ግን ከሐውልቱ በፊት ጣና ዳር አንዲት የተረት ክፍል ብትከፈት እመርጣለሁ። የዘጌና የደቅ ደሴት አያቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጡባት፤ የሚያወሩት ይቀዳ፣ ይጻፍ፣ ለልጆች ይነበብ። አያት ባረፈች ቁጥር ተረቷ አብሯት ይቀበራል።

ተረት ነጋሪ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። አባባ ነግረውን ሄደዋል፤ መመለሱ የእኛ ዕዳ ነው። ያቺ ሕፃን ከዘጌ ስንመለስ ጀልባው ላይ ደግማ ጠየቀችኝ። የማውቀውን ያህል ነገርኳት፤ ባሕር ዳር እስክንደርስም አልበቃትም።